የድሮ ቴአትር ቤት ላይ አዲስ ህንፃ ስለመጨመር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳም ብሔራዊ አካባቢም ሰፈሩ በፍጥነት ሲቀያየር ስለምናይ ስለ ድሮ ቴአትር ቤቶቻችን ሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፤ የአርክቴክቸር ተማሪዎች፣ ተዋንያን፣ ዝም ብሎ ቅዳሜ እሁድ ቴአትር ማየት ሚወድ ሰውም ጭምር። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚ አንድ ላይ ሰብስቤ መለስኳቸው። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፣ በጣም ሚያሳስበኝ ነገር ስለሆነ ነው።

ለምን ይጨመራል? እንዳለ ማደስ ብቻ አይበቃም?

ሚበቃ ከሆነ እሱ ይሻላል፣ ማደስ በቂ የሆነበት ህንፃ ላይ ምንም መጨመር የለበትም ብዬ ነው ማምነው። ግን ድሮ አዳራሾቹ ሲሰሩ ያልታሰቡ ወይ ደግሞ በጣም በትንሹ የታሰቡ ነገሮች አሉ፤ በቂ ሽንት ቤት (በተለይ የሴቶች፣ እረፍት ላይ ያለውን ሰልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን)፣ ደህና መልበሻ ክፍል፣ መድረኩ ተይዞ እያለ ሌላው ቡድን ሚለማመድበት ቦታ፣ ዲኮር ከመኪና ሚወርድበት ሰፊ በር፣ ሊፍት፣ የኤሌክትሪክ ክፍል፣ ጄኔሬተር። እነዚህን ሁሉ አሮጌው ህንፃ ውስጥ እንክተት ከተባለ ፎየሩ (ሰው ወደ አዳራሹ ከመግባቱ በፊት ሚቆይበት ሰፊ መግቢያ) ይቆረጣል፣ ኮሪደሩ ይታጠራል፣ ባልኮኒው ስር ክፍል ክፍል ይሸነሸናል፣ በስተመጨረሻ "አደስነው" ምንለው ቤት ውስጡ ሌላ ሆኖ ቁጭ ይላል። አዲሱ ክፍል ሚጨመረው ይሄን ሸክም ሁሉ እሱ ተሸክሞ አዳራሹ አዳራሽ ሆኖ እንዲቀጥል ነው። ከዚ በታች ምለው ሁሉ ከዚ ሀሳብ ነው ሚነሳው፣ አዲሱ ለአሮጌው ሊያገለግል ነው ሚመጣው።

ዲዛይኑ ከምን ይጀምራል?

ከ3ዲ ምስል አይጀመርም። መጀመሪያ ልኬት ነው። የድሮ ፕላን ከተገኘ በጣም ጥሩ፣ ግን የተሳለውና የተሰራው ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ጣሪያው ሁሉ እንደገና ተለክቶ መሳል አለበት፣ አሁን በሌዘር ስካነር ስራው ድሮ ከነበረው በጣም ቀሏል። ስንጥቆቹ አንድ ባንድ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይመዘገባሉ፣ ነገ ቁፋሮ ሲጀመር የትኛው ስንጥቅ ድሮ የነበረ የትኛው አዲስ እንደሆነ እንዲለይ።

ከዛ ሰዎቹን ማናገር። የመድረክ ሰራተኛው፣ መብራት ሚሰራው ልጅ፣ ትኬት ቆራጯ፣ ጥበቃው። ክረምት ላይ ጣሪያው የት ጋ እንደሚያፈስ፣ ዲኮር ሲገባ የትኛው በር ላይ ተጋጭቶ እንደሚሰበር፣ ተዋናይዋ በግራ ወጥታ በቀኝ ለመግባት ጓሮ ለጓሮ መዞር እንዳለባት ከነሱ በላይ ሚያውቅ የለም፣ እና ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቃቸውም። ይሄ በጣም ነው ሚቆጨኝ። ቤቱ ውስጥ 20 እና 30 ዓመት የሰራ ሰው እያለ ዲዛይኑ ግቢውን በቅጡ ባላየ ሰው ተጀምሮ ሲያልቅ ያሳዝናል።

"ድሮ" ስንል የትኛውን ድሮ ነው ምንጠብቀው?

ይሄ ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ነው። ብሔራዊ ቴአትርን ውሰዱ። ህንፃው በጣልያን ጊዜ ለሲኒማ ቤት ተብሎ የተጀመረ ነው፣ ኋላ ላይ ለአፄ ኃይለሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ቀይሮና አስፍቶ ሰራውና በ1948 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ማለትም ዛሬ ቅርስ ነው ብለን ምንጠብቀው ህንፃ ራሱ ሌላ ህንፃ ላይ ተጨምሮበት የመጣ ነው። ታዲያ ጣልያን የጀመረው ይቅር፣ የሾሜትን ብቻ እንያዝ ብሎ መግፈፍ አይቻልም፣ ከዛ በኋላ የመጡትም የራሳቸው ቦታ አላቸው። በ1964 እ.ኤ.አ የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ስለ ቅርስ አጠባበቅ የተፃፈው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ እዚ ላይ ግልፅ ነው፤ የየዘመኑ አስተዋፅኦ ይከበር፣ የአንድ ዘመን መልክ ብቻ ለማውጣት ተብሎ ሌላው አይፋቅ ይላል።

ሀገር ፍቅር ደግሞ ሌላ አይነት ጥያቄ ነው። ማህበሩ በ1927 ዓ.ም የጣልያን ወረራ አፋፍ ላይ በመኮንን ሀብተወልድ አማካይነት ሲቋቋም ህዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነቃቃት ነበር፣ ከዛ ወዲህ እዛ መድረክ ላይ ያለፈው ሰው ብዛት የዘመናዊ ሙዚቃችንና ቴአትራችን ታሪክ ነው። እንዲህ አይነት ቤት ዋጋው በፊት ለፊቱ ግድግዳ ውበት አይመዘንም። ከውጪ ሲታይ ያን ያህል አያምርም ተብሎ "ይሄማ ይፍረስ፣ ስሙን አዲሱ ላይ እንፅፈዋለን" ሚባለው አስተያየት ያስፈራኛል፤ መድረኩ፣ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ጠባብ መተላለፊያ፣ ተመልካቹ ለተዋናዩ ያለው ቅርበት፣ ቅርሱ እሱ ነው። ስለዚ ከዲዛይን በፊት ምን እንደሚጠበቅ ቁጭ ተብሎ ይፃፍ፣ ሁሉም ይፈርምበት። ያ ካልተፃፈ ግንባታው መሀል ላይ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ሚቆረጠው እሱ ነው።

አዲሱ ክፍል አሮጌውን መምሰል አለበት?

መመሳሰል የለበትም፣ መጣላትም የለበትም። ቻርተሩ ሚለው ባጭሩ ተጨማሪው የህንፃውን ዋና ክፍሎች፣ ሚዛኑንና ከአካባቢው ጋር ያለውን ግንኙነት ሚያበላሽ ከሆነ አይፈቀድ፣ አዲስ ሚገባው ነገርም ከአሮጌው ጋር እየተስማማ ግን ሊለይ ይገባል ነው። ኮፒ ካረግነው ከ30 ዓመት በኋላ ልጆቻችን የትኛው እውነተኛው እንደሆነ አያውቁም፣ ታሪኩን አዛባነው ማለት ነው።

መስማማቱ ደግሞ በቀለም ብቻ ሚገኝ አይደለም። የአሮጌው የጣሪያ ጠርዝ መስመር የት ላይ ነው፣ የመስኮቶቹ ቁመትና ስፋት ምን ያህል ነው፣ ድፍኑ ግድግዳና ክፍቱ ቦታ እንዴት ይፈራረቃሉ፣ እግረኛ በ1.60 ሜትር ቁመት ሲያየው መጀመሪያ ምን ይታየዋል፣ እነዚህን ተከትሎ ቀለል ያለ፣ ጌጥ ያልበዛበት ዘመናዊ ግድግዳ ከተሰራ አብረው ይኖራሉ። እኔ በግሌ ድንጋይና ጥሩ ተደርጎ የፈሰሰ ኮንክሪት እመርጣለሁ። ከተማው ውስጥ በየቦታው ሚለጠፈውን አሉኮቦንድና መስታወት ቅርስ አጠገብ ማየት አልፈልግም፤ መስታወቱ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ነፀብራቁ አሮጌው ላይ ያርፋል፣ ውስጡም ይግላል፣ ከዛ ኤሲ ይጠየቃል፣ ኤሲው ደግሞ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል።

ዙሪያው ሁሉ ፎቅ ሆኗል፣ ለምን ከላዩ ላይ አይሰራበትም?

ብሔራዊ አጠገብ ቆሞ ቀና ላለ ሰው ይሄ ጥያቄ መምጣቱ አይገርምም፣ 209 ሜትር የሆነው የንግድ ባንክ ህንፃ እዛው ነው። ከላይ የተሰራበት ታዋቂ ምሳሌም አለ። ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በ1831 እ.ኤ.አ የተከፈተውን ኦፔራ ቤት አርክቴክቱ ዣን ኑቬል ከላዩ ትልቅ የመስታወት ቅስት ጭኖበት በ1993 እ.ኤ.አ እንደገና ተከፍቷል። ሰው ፎቶውን ያመጣና "ይኸው እነሱ ሰርተውት የለ" ይላል። ግን እዛ ከአሮጌው የተረፈው የውጪው ግድግዳና ፎየሩ ነው፣ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ አዲስ ገብቷል። የኛ አዳራሾች ላይ እሱ ከተደረገ ልናድነው የተነሳነው ነገር ራሱ ሄደ ማለት ነው። አሮጌ ግድግዳ ሌላ ፎቅ ልሸከም ብሎ አልተሰራም፣ ልጫንበት ከተባለ በአዳራሹ መሀል ኮለን (ምሰሶ) መትከል ይመጣል።

ታዲያ የት ይሁን? ከኋላ፣ ከጎን፣ ከመሬት በታች?

ቦታው ከፈቀደ ከኋላ። ሚላን ላይ ላ ስካላ ሚባለው ኦፔራ ቤት በአርክቴክት ማርዮ ቦታ ዲዛይን ሲስፋፋ አዲሱ የመድረክ ማማና ሞላላው ክፍል ከፊት ለፊቱ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት፣ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፣ ዛሬም ማይወደው አለ፣ ግን ከፊት ለፊት ያለው የድሮ ገፅታ እንዳለ ነው። የመድረክ ማማ ማለት ዲኮሩ ወደላይ ተስቦ ሚሰቀልበት ከፍ ያለው ክፍል ነው፣ በደንብ እንዲሰራ ከመድረኩ አፍ (ተመልካቹ መድረኩን ሚያይበት ክፍት ቦታ) ቁመት ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይፈልጋል፣ ስለዚ የመድረኩ አፍ 7 ሜትር ከሆነ ማማው 20 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሲኒማ ሆኖ በተጀመረ ቤት ደግሞ ከስክሪኑ ጀርባ ብዙ ጊዜ ቦታ አይተውም፣ እና ከኋላ መጨመር የመድረኩንም ችግር አብሮ ይፈታል። እኛ ጋ ግን ማማ ከማሰባችን በፊት ቤቱ ሚሰራው ቴአትር በእውነት ያን ያህል ዲኮር ይሰቅላል ወይ ብለን እንጠይቅ፣ ካልሰቀለ ያ ሁሉ ከፍታ ለምን ይገነባል?

ቪየና ያለው የሙዚቃ ቤት ሙዚክፌራይን ደግሞ ከመሬት በታች ነው የሄደው፣ በ2004 እ.ኤ.አ አራት አዳዲስ አዳራሾች ከመሬት ስር ተከፍተዋል፣ ታዋቂው ወርቃማ አዳራሽ ሳይነካ። ደስ ሚል መፍትሄ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ክረምት ሚወርደውን ዝናብ አስቡት፤ ውሃ ማስወጫው፣ ግድግዳው ውሃ እንዳያስገባ ሚደረገው ስራ፣ ፓምፑና መብራት ሲጠፋ ፓምፑን ሚያነሳው ጄኔሬተር ከመጀመሪያው ቀን መታሰብ አለባቸው። ከአሮጌ ፋውንዴሽን አጠገብ መቆፈር ራሱ ትልቅ አደጋ ነው፣ መደገፊያው መጀመሪያ ሳይሰራ ኤክስካቫተር ግቢ መግባት የለበትም።

ማይነካው ከፊት ያለው ነው። ብሔራዊ ፊት ለፊት የቀራፂው ሞሪስ ካልካ የአንበሳ ሐውልት አለ፣ የታክሲ ረዳት ሳይቀር ቦታውን በሱ ነው ሚያውቀው፣ አንበሳው፣ አደባባዩና ቴአትር ቤቱ አንድ ላይ ነው ትርጉም ያላቸው። አዲስ ነገር እዛ መሀል አይገባም።

አዲሱ ህንፃ የአዳራሹን ድምፅ ያበላሻል?

በጣም ሊያበላሽ ይችላል፣ እዚ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ ፈሶ ነገር ሚበላሸው። ንግግር ላለበት ቴአትር ድምፁ አዳራሹ ውስጥ እያስተጋባ ሚቆይበት ጊዜ ወደ 1 ሰከንድ ሲሆን ነው ቃሉ ጥርት ብሎ ሚሰማው፣ ለትልቅ ኦርኬስትራ ደግሞ ወደ 2 ሰከንድ ይፈለጋል። ይሄ ቁጥር በአዳራሹ ስፋትና ውስጡ ባሉት ድምፅ በሚመጥጡ ነገሮች ነው ሚወሰነው፣ ዋናው መጣጭ ደግሞ ወንበሩና ሰዉ ነው። ስለዚ ወፍራሙን የድሮ ወንበር አውጥቶ ፕላስቲክ ማስገባት፣ ወይ የጎን ግድግዳ ከፍቶ ከአዲሱ ፎየር ጋር ማገናኘት አዳራሹን ሌላ አዳራሽ ያረገዋል። ከስራው በፊት አኮስቲኩ ይለካ፣ ከስራው በኋላም ይለካ። ማሲንቆና ክራር ያለ ማይክ ሲመቱ መጨረሻ ረድፍ ላይ ካልተሰማ ቤቱ ተጎድቷል።

ቀጥሎ ከውጪ ሚመጣው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት ቆርቆሮ ላይ ሚወርደው ዝናብ ተዋናይን ዝም ያሰኛል፣ ይሄን ያላየ የቴአትር ተመልካች ያለ አይመስለኝም። አሮጌው ጣሪያ ላይ ከባድ ነገር መጫን ስለማይቻል ስትራክቸሩ ተሰልቶ ከቆርቆሮው ስር ንዝረት ሚገድል ንጣፍና ቀለል ያለ ሁለተኛ ሽፋን ይገባል፣ አዲሱ ክፍል ላይ ግን ሰበብ የለም፣ ጣሪያው ከባድ ሆኖ ይሰራ።

በአዲሱና በአሮጌው መሀል ያለው ግድግዳስ? ሰው ወፍራም ይሁን ይላል። የአንድን ግድግዳ ክብደት እጥፍ ብታረጉት ድምፁን ሚቀንሰው 5 ወይ 6 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ ብዙም አያደንቀውም። ሁለት ግድግዳ ሰርቶ መሀላቸውን ክፍት መተውና ምንም ነገር እንዳያገናኛቸው ማረግ ነው ሚሰራው፣ አንድ የተረሳ ቱቦ ወይም መሀል ላይ የወደቀ ሲሚንቶ ግን ስራውን ሁሉ ያበላሸዋል፣ ሳይት ላይ ሰው ቆሞ ይጠብቀው። ጄኔሬተር፣ የሊፍት ሞተር፣ ፓምፕ ከአዳራሹ በጣም ሩቅ በሆነው ጫፍ፣ በራሳቸው ፋውንዴሽንና ስፕሪንግ ላይ ይቀመጡ። ፒያሳ ላይ ደግሞ በዛ ሚያልፈው ቀላል ባቡር አለ፣ ቤዝመንት ላይ የቀረፃ ስቱዲዮ ሚያስብ ሰው የመሬቱን ንዝረት አስቀድሞ ያስለካ።

ሁለቱ ህንፃዎች በስትራክቸር ይያያዙ?

አይያያዙ። አሮጌው መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ መስመጡን ጨርሷል፣ አዲሱ ገና ይሰምጣል፣ ካሰራችኋቸው አዲሱ ሲወርድ አሮጌውን ይዞት ይወርዳልና ግድግዳው ይሰነጠቃል። በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ እዚ ፎቅ ላይ ለነበርን ሁሉ ተሰምቶናል፤ ቁመታቸውና ክብደታቸው የተለያየ ሁለት ህንፃዎች ሲወዛወዙ እኩል አይወዛወዙም፣ ክፍተቱ ካነሰ ይጋጫሉ። ክፍተቱን ኢንጂነሩ በስሌት ያውጣው፣ በልምድ 5 ሳንቲም ይበቃል ሚባል ነገር የለም። ማገናኛው ጠበብ ያለ መተላለፊያ ሆኖ ክብደቱን አዲሱ ይሸከመው፣ በአሮጌው በኩል ወለሉ ዝም ብሎ ይንሸራተት።

እዛው መገጣጠሚያ ላይ ሌላ ጠላት አለ፣ ውሃ። ሁለት ጣሪያ ሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለ አሸንዳ በረዶ ሲዘንብ ይደፈናል፣ ከተደፈነ ውሃው ሚሄደው ወደ አሮጌው ግድግዳ ነው። አሸንዳው ሰፊ ይሁን፣ ሰው ገብቶ ሚጠርግበት መንገድ ይኑረው፣ ሲሞላም ወደ ውጪ ሚተፋበት ቀዳዳ ይኑረው፤ ከታች ያለ ሰው አይቶ "ተደፍኗል" እንዲል።

አየርና ሙቀትስ? አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት አይደል?

ከተማዋ ቀዝቃዛ ናት፣ የሞላ አዳራሽ ግን አይደለም። አንድ የተቀመጠ ሰው ወደ 100 ዋት ሙቀት ይለቃል፣ ሺህ ሰው ማለት 100 ኪሎዋት ነው፣ አዳራሹ ውስጥ 25 ያህል የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዴ እንደመለኮስ፣ የመድረክ መብራቱ ሳይጨመር። ማታ ውጪው ስለሚቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣ ሳያስፈልግ ንፁህ አየር በብዛት ማስገባት ይበቃል፣ ግን አየሩ በዝግታ በሰፋፊ ቱቦ ካልመጣ ይጮሃል፣ ሰፋፊው ቱቦና ማሽኑ ደግሞ አሮጌው ውስጥ ቦታ የላቸውም፣ አዲሱ ክፍል ይያዛቸው። ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ አየሩ ከባህር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነፃፀር በአምስት አንድ እጅ ያህል ቀለል ይላል፣ ስለዚ ፋኑ ብዙ አየር መግፋት አለበት፣ ጄኔሬተሩም ላዩ ላይ የተፃፈውን ጉልበት እዚ አይሰጥም። ከካታሎግ ላይ ቁጥር ገልብጦ ሚያዝ ሰው ሁለቱንም አሳንሶ ይገዛል።

በዊልቸር ሚመጣ ሰው?

በዋናው በር ይግባ፣ በጓሮ አይደለም። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ራምፕ ይፈልጋል፣ ይሄ ርዝመት ከፊት ለፊት ካልገባ አዲሱ ክፍል ላይ ያለው መግቢያ ለሁሉም ሰው የጋራ መግቢያ ይሁን። መድረኩንም አትርሱ፣ በዊልቸር ሚተውን ሰውም አለ።

ፈቃድ ከማን ነው?

ቅርስ የተባለ ህንፃ ላይ ሚደረግ ማንኛውም የጥገናና የእድሳት ስራ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሰረት የቅርስ ባለስልጣንን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከዛ የከተማው የግንባታ ፈቃድ አለ። ምክሬ ዲዛይኑ ሳያልቅ ገና በንድፍ ደረጃ እያለ ሄዶ ማሳየት ነው። ያለቀ ስዕል ይዞ ሄዶ "አስተካክል" ሲባል ሁሉም ይናደዳል፣ ህንፃውም ይጎዳል።

አሮጌውን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ችግር አለው?

አለው። በኖራ ወይም በጭቃ የታሰረ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበቱን በልስኑ ነው ሚያስተነፍሰው፣ ሲሚንቶ ሲመታበት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። ኖራ ይመለስበት። አዲሱ ክፍል ላይ በሲሚንቶ መስራት ይቻላል፣ መገናኛው ጋ ብቻ እንዳይነካካ።

ግንባታው ሲካሄድ ቴአትሩ ይዘጋል?

ሁለት አይነት ነው። አዲሱ ተለይቶ ከኋላ ከተሰራ አዳራሹ ብዙውን ጊዜ ክፍት ሆኖ ሊቀጥል ይችላል፣ ከባድ ቁፋሮና መዶሻ ትርኢትና ልምምድ በሌለበት ሰዓት እንዲሆን ኮንትራቱ ላይ ይፃፍ። አዳራሹም ሚታደስ ከሆነ መዘጋቱ አይቀርም፣ ያኔ ቡድኑ የት ይሰራል ሚለው ከግንባታው እኩል በጀት ይያዝለት። ላ ስካላ ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ ሲዘጋ ስራው ሌላ ቴአትር ቤት ውስጥ ነው የቀጠለው፣ ተመልካቹም ተከትሎ ሄደ። እኛ ጋ የማዘጋጃ ቤቱን አዳራሽ የመሰሉ ቦታዎች አሉ፣ ቀኑ አስቀድሞ ከተያዘ ይቻላል። ተዋንያን ለሁለት ዓመት ከተበተኑ ህንፃው አምሮ ቢያልቅም ውስጡ ሚሰራ ሰው አይገኝም።

ኮንትራቱ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፣ የእሳት ጥበቃ። ቬኒስ ላይ ላ ፌኒቼ ሚባለው ኦፔራ ቤት በ1996 እ.ኤ.አ የተቃጠለው ተዘግቶ እየታደሰ እያለ ነው፣ በኋላም እዛው ይሰሩ የነበሩ ሁለት ኤሌክትሪሺያኖች ተፈርዶባቸዋል። የድሮ መድረክ እንጨት፣ መጋረጃ፣ አቧራ ነው። ብየዳ ሚደረገው በፅሁፍ ፈቃድ ብቻ ይሁን፣ ብየዳው ካለቀ በኋላ ሰው እዛው ቆሞ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይጠብቅ፣ የሳይቱ ውሃና የእሳት ማጥፊያው ስራው ሳይጀመር ይሞከር፣ የእሳት አደጋ መኪና ሚገባበት በር ላይ አሸዋና ጠጠር እንዳይቆለል።